የገጨኝ የቆመልኝ መኪና አይደለም

ሚኒባሱ ቆሞልኛል። ከዚህ የምጀምረው ስለዚያ ቀን ባወራሁ ቁጥር ሰው ሁሉ "ዜብራ ላይ አልነበርሽም እንዴ?" ስለሚለኝ ነው። ዜብራ ላይ ነበርኩ። ዝም ብዬም አልገባሁም። ጠርዙ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሚኒባሱ ቀዝቀዝ አለ፣ ቆመ፣ ሹፌሩም በእጁ "እለፊ" አለኝ።

መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ አለው። ሚኒባሱ የቆመው ለእኔ በሚቀርበው ረድፍ ላይ ነው። ራሴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንኩና ፈጠን ብዬ በፊቱ አለፍኩ። ሰው ቆሞልኝ ላስጠብቀው አልወድም። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን፤ የቆመልንን እንዳናስቸግር ሮጥ እንላለን። ከሚኒባሱ ጥግ አንድ እርምጃ እንደወጣሁ በግራዬ የመኪና መብራት አየሁ። መኪናውን አላየሁም፣ መብራቱን ብቻ ነው። ክብ ነበር፣ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ይዞት ነበር። ጠብታዎቹ እስከ ዛሬ ይታዩኛል።

ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ላይ ነኝ። ለማረም የያዝኳቸው የተማሪ ደብተሮች ነጩ ቀለም ላይ ተበትነዋል። የግራ እግሬ ቅልጥም ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ብረት ገባበት፤ 11 ሳምንት በክራንች ሄድኩ።

የገጨኝ ልጅ ወጣት ነበር። አጠገቤ ተንበርክኮ "አላየሁሽም እህቴ፣ እውነቴን ነው አላየሁሽም" እያለ ያለቅስ ነበር። ያን ጊዜ ተናድጄበታለሁ። በኋላ ሳስበው ግን እውነቱን ነው። ሊያየኝ አይችልም ነበር። እኔም ላየው አልችልም ነበር። በመካከላችን ሚኒባስ ቆሟል። ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም፣ አለበት፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ግን ይህን የምጽፈው እሱን ለመክሰስ አይደለም። ያ በቆመው መኪና ጎን ያለው ክፍት ቦታ ስንቱን እንደሚጠብቅ ስላወቅሁ ነው።

አልጋ ላይ ሆኜ ብዙ አነበብኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ቁጥሩ ከባድ ነው። እኔን ግን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ራሴው የማውቀው ሂሳብ ነው።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚንቀሳቀሰው ነገር የተሸከመው ጉልበት በአራት እጥፍ ይጨምራል ብዬ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ዜብራ ላይ ቆሜ ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አንዱን ረድፍ እስቲ አብረን እንስላው። ወርዱ ከ3 እስከ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጤነኛ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል ይራመዳል። ስለዚህ አንድ ረድፍ ለማቋረጥ ወደ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና ደግሞ በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሦስት ሰከንድ ከ40 ሜትር በላይ ማለት ነው። እኔ የሚኒባሱን ፊት እያቋረጥኩ ሳለ ያ ልጅ ከ40 ሜትር ርቀት እየመጣ ነበር። እግሬን ከጠርዙ ሳነሳ ሩቅ ነበር። ከሚኒባሱ ጥግ ስወጣ ደረሰ። መጀመሪያ ላይ ግራና ቀኝ ማየቴ አልጠቀመኝም፤ ያየሁት ከሦስት ሰከንድ በፊት የነበረውን መንገድ ነው።

ፍሬን መያዝስ? የእንግሊዝ የመንገድ መመሪያ ለአሽከርካሪ የሚያስተምረው ቁጥር አለ። በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና ለመቆም 12 ሜትር ይፈልጋል፤ 6ቱ ሹፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ፣ 6ቱ ፍሬኑ ይዞ እስኪቆም። በ48 ኪሎ ሜትር ግን 23 ሜትር ነው፤ 9ኙ እስኪያስብ፣ 14ቱ እስኪቆም። ይህ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ልቡ መንገዱ ላይ ላለ ሹፌር ነው። አሁን ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አድርጓቸው። በ32 የመጣው 12ኛው ሜትር ላይ ቆሟል። በ48 የመጣው እዚያው 12ኛው ሜትር ላይ ፍሬን ከያዘ ገና 3 ሜትር ነው የሄደው። ወረቀት ላይ ሠራሁት፤ ያኔ ገና ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዱ ቆሞ አንዱ በ40 ይገጫል። መጀመሪያ ላይ የነበራቸው ልዩነት 16 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።

አሁን ሕጉ። በ1968 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የእኔን ቀን በአንድ አንቀጽ ጽፎታል ማለት ይቻላል። ወደ እግረኛ ማቋረጫ እየተጠጋ ያለን ወይም ማቋረጫው ፊት የቆመን መኪና አልፎ መሄድ ክልክል ነው ይላል። የሚፈቀደው እግረኛ ቢኖር ወዲያው መቆም በሚያስችል ዝግታ ከሆነ ብቻ ነው። የገጨኝ ልጅ ጥፋት ይሄ ነው። እኔን አለማየቱ አይደለም። ዜብራ ፊት የቆመ ሚኒባስ አይቶ "ለምን ቆመ?" ብሎ አለመጠየቁ ነው።

ያው ስምምነት ለእግረኛም ቃል አለው። መብራትና ትራፊክ ፖሊስ በሌለበት ማቋረጫ እግረኛው የሚመጣውን መኪና ርቀትና ፍጥነት ሳያገናዝብ አይግባ ይላል። እዚህ ላይ ቅድሚያ አለኝ ብለን የምንናደድ አለን። እኔም ነበርኩበት። ቅድሚያው የእኛ ነው፣ ልክ ነው። ግን ቀለም መኪና አያቆምም። የዜብራ መስመር በእንግሊዝ በ1951 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ነጭና ጥቁር የተደረገው ሹፌሩ ከሩቅ እንዲያየው ነው። ሚኒባስ ሲቆምበት መስመሩም እግረኛውም ይሸፈናሉ።

እንግዲህ አሁን እንዴት እንደምሻገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ እቆማለሁ። የመጀመሪያው መኪና ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲቆም እገባለሁ፤ ፍጥነት መቀነሱ ብቻ አይበቃኝም። በፊቱ ስሄድ አልሮጥም። የመኪናው የወዲያኛው ጎን ጋ ስደርስ፣ ማለትም ሰውነቴ ገና በመኪናው እንደተሸፈነ፣ እቆማለሁ። ቁርጥ አድርጌ ነው የምቆመው። አንገቴን ብቻ ሰገግ አድርጌ ቀጣዩን ረድፍ አያለሁ። የሚመጣ ካለ ይለፍ። ወይም እሱም ይቁም፣ መቆሙን ልይ። ከዚያ ነው የምወጣው። ሁለት ሰከንድ ነው የሚወስደው። የቆመልኝ ሹፌር ሊሰለች ይችላል፣ አንዳንዱ ክላክስ ያደርጋል። ያድርግ። እሱ የሚያየውን መንገድ እኔ አላየውም፤ እኔ የምገባበትን ረድፍ ደግሞ እሱ ዞር ብሎ አያየውም።

የሹፌር እጅ ነገር እዚህ ይመጣል። የሚኒባሱ ሹፌር "እለፊ" ሲለኝ ከልቡ ነው፣ ደግ ሰው ነበር። እስኪመጡልኝ ድረስ አብሮኝ ቆይቷል። ግን ያ እጅ "ሁሉም ረድፍ ነፃ ነው" ብሎ ነገረኝ፤ እኔም አመንኩት። ሹፌር ከሆናችሁ እባካችሁ ቁሙ፣ ግን አትጥሩን። እግረኛው በራሱ ዓይን አይቶ ይግባ። ማቆም ደግነት ነው። መጥራት ግን ለማታውቁት ረድፍ ዋስ መሆን ነው። ይልቅ ስትቆሙ ስፖኪዮውን እዩ። ከኋላ በሌላው ረድፍ የሚበር ካለና እግረኛው ካላየው ክላክስ አድርጉ፣ ጩኹ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ።

ሌላም አለ፣ እሱ ደግሞ ቀላል ነው። ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ዜብራው ላይ አፍንጫችሁን አስገብታችሁ ስትቆሙ እግረኛው በእናንተ ጎን ጨርሶ ይደበቃል። ወደ ኋላ ቀረት ስትሉ ግን በጎናችሁ የሚመጣው ሹፌር እግረኛውን ቀድሞ ያየዋል፤ እግረኛውም እሱን ያየዋል። በአንዳንድ አገር ብዙ ረድፍ ባላቸው መንገዶች ላይ የመቆሚያው መስመር ከዜብራው ከ6 እስከ 15 ሜትር ወደ ኋላ የሚሰመረው ለዚህ ነው። መስመር ባይኖርም አንድ የመኪና ርዝመት መተው ማንም አይከለክላችሁም።

እኔም እነዳለሁ። ከአደጋው በኋላ ወደ መሪ ለመመለስ ሰባት ወር ፈጀብኝ። በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት የሆነውን ግን ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ። በውስጠኛው ረድፍ እየነዳሁ ነው። በቀኜ አንድ የጭነት መኪና ቀዘቀዘና ቆመ። ሰው ሊያወርድ ነው ብዬ አሰብኩ። እግሬ ነዳጁ ላይ ነበር። ልቀድመው ነበር። እኔ! እግሬ ውስጥ ብረት እያለ። ያዳነኝ ከመኪናው ስር ያየሁት ነገር ነው፤ በፊት ጎማው በኩል ሁለት ትንንሽ ጫማዎች እየሮጡ ነው። ፍሬን ረገጥኩ። አንድ የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ከጭነት መኪናው ፊት ብቅ አለ። ፊቱ ወደ ፊት ነው፣ ወደ እኔ እንኳ አልዞረም። ተሻግሮ ሄደ። እሱ እስከ ዛሬ ምንም አያውቅም።

ዳር ይዤ ቆምኩ። እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ልጅ በገጨሁት ኖሮ እኔም "አላየሁህም" ነበር የምለው። እውነትም ይሆን ነበር። ያን ቀን ነው ያንን ወጣት ከልቤ ይቅር ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ። አጠገቤ ያለ መኪና ያለ ምክንያት ከቀዘቀዘ ምክንያቱ ሰው ነው። እስካረጋግጥ ድረስ ሰው ነው። ዜብራ ካለማ ጥያቄም የለው። እግሬን ከነዳጅ አነሳለሁ፣ ፍሬን ላይ አሳርፋለሁ፣ ከመኪናው ስርና በመስታወቶቹ ውስጥ አያለሁ። አሥር ጊዜ ዘጠኙ የሚያወርድ ወይም የሚታጠፍ ነው። አሥረኛው ግን ጫማ አለው።

ለሹፌሮች ስለ መታጠፍም አንድ ነገር ልጨምር። የፊት መስታወቱን ከበሩ የሚለየው ምሰሶ ቀጭን ይመስላል። ግን ሙሉ ሰው ይደብቃል። በተለይ ወደ ግራ ስትታጠፉ መኪናው ሲዞር ምሰሶውም ይዞራል፤ እግረኛው በዚያው ልክ ከተራመደ አብሮት ተደብቆ ይሄዳል። ወደ ፊትና ወደ ጎን ወዝወዝ ብላችሁ እዩ። ወንበር ላይ ተደላድሎ የሚታጠፍ ሹፌር ግማሹን መንገድ አላየውም።

ምሽት ላይ ነገሩ ይለወጣል። እግረኛ የመኪና መብራት ሲያይ "እኔም ታየሁ" ብሎ ያስባል። አይደለም። ጨለማ ውስጥ ያለው ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ለሹፌሩ የሚታየው በጣም ዘግይቶ ነው፤ ከፊት ለፊት ሌላ መኪና እያበራ ከመጣ ደግሞ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ነጭ ልብስ ይሻላል፣ ግን እሱም ብዙ አያስመካም። የሚሠራው መብራት የሚመልሰው አንጸባራቂ ጨርቅ ነው። ከደረት ይልቅ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ላይ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ነው፤ ምክንያቱም ይንቀሳቀሳል፣ ሹፌሩም የሰው እርምጃ መሆኑን ቶሎ ይለያል። እኔ ሁለቱም እግሬ ላይ አስራለሁ። ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይዝም።

የእግረኛ መንገድ በሌለበት ከመኪናው ጋር ፊት ለፊት ሆናችሁ ሂዱ፤ ከኋላ የሚመጣ ነገር ጀርባችሁ አያየውም። በቆሙ መኪኖች መሀል ብቅ አትበሉ፤ ሌላ ምርጫ ከሌለ ግን ከላይ የነገርኳችሁን አድርጉ፣ ጥጉ ላይ ቆማችሁ አጮልቁ። ልጅ ይዛችሁ ስትሻገሩ ጣቱን ሳይሆን አንጓውን ያዙ። ስለ ስልክ ብዙ አልልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ አስፋልት ላይ እግሬ ካለ ስልክ አላነሳም፣ የፈለገ ይደውል።

አደጋው ከደረሰ በኋላ ስለሆነው አንድ ነገር ብቻ። ሰዎች ሮጠው መጡ፣ ሊያነሱኝም ፈለጉ። ሁለቱ ብብቴን ይዘውኝ ነበር። ደግነት ነው። ግን አንዲት ሴት "ተዉ፣ አትንኳት!" ብላ ጮኸች። አስፋልቱ ላይ ተቀመጠችና ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ያዘችልኝ። "አይዞሽ የኔ እናት፣ አንገትሽን አታንቀሳቅሺ" ትለኝ ነበር። አምቡላንስ እስኪመጣ አልለቀቀችኝም። አንድ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመጡትን መኪኖች አስቆመ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዙልኝ፤ የሚነድ እሳት ወይም ሌላ መኪና ካላስፈራ በስተቀር የተጎዳን ሰው አታንሱ፣ አንዳችሁ ደግሞ መንገዱን ዝጉ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ወደ ሥራ ስመለስ ተማሪዎቼ እግሬን እያዩ ዝም አሉ። እኔም የዕለቱን ትምህርት ትቼ ወደ ግቢው ይዣቸው ወጣሁ። የሚንቀሳቀሰውን ጥቁር ሰሌዳ ገፍተን ሜዳው ላይ አቆምነው፤ እሱ ሚኒባስ ሆነ። አንዱ ተማሪ ከሰሌዳው በስተጀርባ በሌላው ረድፍ እየሮጠ ይመጣል። ሌላው በሰሌዳው ፊት ያቋርጣል። ሳይቆሙ ያቋረጡት በየተራ ከሚሮጠው ጋር ተላተሙ። እየሳቁ ነው የጀመሩት፣ አራተኛው ላይ ሳቁ ቆመ። ከዚያ ጥጉ ላይ ቆሞ ማጮለቁን አሳየኋቸው። አንዷ ልጅ "ቲቸር፣ አፍንጫዬ ሰሌዳውን እስኪያልፍ ምንም አይታየኝም" አለች። ልክ ነበረች። ሁለት እርምጃ ቀደም ብላ ብትቆም ዋጋ የለውም፤ ጥጉ ላይ ነው የሚቆመው።

በመጨረሻ ገመድ አመጣሁ። መኪና ለመቆም የሚፈጅበትን ርቀት እየለካን ቋጠርን። ለ32 ኪሎ ሜትር 12 ሜትር ላይ አንድ ቋጠሮ። ለ48 ኪሎ ሜትር 23 ሜትር ላይ አንድ ቋጠሮ። "ለ80ስ?" አሉ። በዚያው መመሪያ 53 ሜትር ነው። ሁለት ልጆች ገመዱን ይዘው ከበሩ ጀምሮ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ሄዱ፣ አጥሩ ጋ ደረሱ። ገመዱ ገና 7 ሜትር ይቀረው ነበር።

ትርፉን እጁ ላይ እየጠቀለለ ያለ አንድ ልጅ አጥሩ ጋ ቆሞ ወደ እኛ አየ። "ቲቸር፣ አባቴ ይሄን ያውቃል?" አለኝ። አባቱ ሹፌር ነው። ገመዱን ለአንድ ቀን ወደ ቤት ይዞት እንዲሄድ ፈቀድኩለት።